አንበጣው፣ ዶሮዋና እኛ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ ከድሬ።

እዚህ ሥጋ ቤት የሚገባ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የሚያየው ነገር አለ። መስቀል ነው ወይስ ጨረቃ? ሰርግም ለቅሶም አብረን ነው የምንውለው። ሥጋው ጋ ስንደርስ ግን የክርስቲያንና የእስላም ተብሎ ሁለት ድስት ይጣዳል። ማንም በማንም አይቀየምም። አድገንበታል።

ቢላ የማያስፈልገው ሥጋ ቢኖርስ? አለ፤ አንበጣ። ዘሌዋውያን 11ን ክፈቱ። ግመልን የከለከለው ያው ምዕራፍ ቁጥር 22 ላይ አንበጣን ይፈቅዳል። መጥምቁ ዮሐንስም በምድረ በዳ ምግቡ አንበጣና የበረሃ ማር ነበር፤ የዛፍ ቅጠል ነው የሚሉ አባቶች እንዳሉ ባውቅም። በእስልምናም ሳይታረዱ ከሚፈቀዱት ዓሣና አንበጣ ዋነኞቹ ናቸው። በሁለቱም ወገን እንዲህ የተፈቀደ ሥጋ ስንት አለ? እና ለምንድነው ድሬ ውስጥ አንበጣ የማንበላው?

እኔ ሃይማኖት አይመስለኝም። ለእኛ አንበጣ ጠላት ነው። 2012ን አስታውሱ። ከጅቡቲ ወደ ድሬ ይመጣ የነበረ አውሮፕላን መንጋው ውስጥ ገብቶ፣ ማረፍ አቅቶት፣ አዲስ አበባ ሄዶ ነው ያረፈው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን የ35 ሺህ ሰው ቀለብ ያህል ይበላል። ገበሬው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እየጮኸ፣ ማሽላው ፊቱ ላይ አለቀ። ይሄን ያየ ሰው "ጠብሰህ ብላው" ሲባል ቢከፋው አልፈርድበትም።

ደግሞ ፀረ ተባይ መድኃኒት የተረጨበትን አንበጣ መብላት አደጋ ነው። እናቴ ያኔ ዶሮዎቿን ቆጥ ውስጥ ዘግታባቸው ነበር። ግቢው በአንበጣ ተሞልቷል፣ እነሱ በሽቦው ቀዳዳ አንገታቸውን አውጥተው ይንጫጫሉ። እሷ መጥረጊያዋን ይዛ "መድኃኒት ነክቶታል፣ አይሆንም" እያለች ወደ ጆንያ ታፍሳለች። ያቺ ቀን ከአእምሮዬ አትወጣም። ዶሮዎቹ ምግብ መሆኑን አላጡትም።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ሪፖርት 2 ቢሊዮን ያህል ሰው ነፍሳት እንደሚበላ ጽፏል። ሩቅ አይደለም፤ ኡጋንዳ ወቅቱ ሲደርስ ፌንጣ ተጠብሶ መንገድ ላይ ይሸጣል፣ ሰዉም በጉጉት ይጠብቀዋል። ያው ሪፖርት ፌንጣ መሳይዋ ክሪኬት ያንኑ ያህል ፕሮቲን ለመስጠት ከከብት 12 እጥፍ ያነሰ መኖ ይበቃታል ይላል። "ይሄ ለድሃ የተፈረደ ነው" የሚል ቅሬታ በጣም ይገባኛል። ድሃን ሥጋ ከልክሎ ትል ብላ ማለት ነውር ነው። ግን አውሮፓ ኅብረት ራሱ ከ2021 ጀምሮ ለገዛ ሕዝቡ ትልና አንበጣ ፈቅዷል። ሽሪምፕ ሲበሉ ሰውነታቸው የሚቆጣ ሰዎች ግን ይጠንቀቁ፤ እነዚህም ሊያስቆጧቸው ይችላሉ።

እኔ ልቤ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሳህናችን ላይ ሳይሆን ዶሮዋ ፊት። ዶሮ ለማርባት ከሚወጣው ወጪ ከግማሽ በላዩ መኖ ነው። እንቁላል ሲወደድ ከጀርባው መኖ አለ። ብላክ ሶልጀር ፍላይ የምትባል ዝንብ አለች። እንደ ቤት ዝንብ ምግብ ላይ እያረፈች በሽታ አታዞርም። ትሏ የበሰበሰ ፍራፍሬና የምግብ ትራፊ ይበላል፣ ሙቀት ይወዳል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይደልባል። ሲደርቅ 40 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። እስቲ አስቡት አቦ፤ ሙቀት ከድሬ በላይ ማን አለው? ቀፊራ ገበያ ማታ ሲበተን መሬት ላይ የሚቀረውን ቲማቲም፣ ማንጎና ፓፓያ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያ ሁሉ እዚያው ተበላሽቶ ይሸታል።

ጎረቤቴን ጠየቅኳት። ትል የበላች ዶሮ የጣለችውን እንቁላል ትበያለሽ ወይ? ትንሽ አሰበች። "የሐበሻ ዶሮ ድሮስ ምን ስትጭር ትውላለች? እንቁላሉን እበላለሁ። ትሉን ግን እንዳታሳየኝ" አለች። ሐቀኛ መልስ ነው። ሰው የሚጸየፈውን በአንድ ቀን አይተውም፣ በስብከትም አይተውም። ግን ዶሮዋ ስትበላው አይጸየፍም። ከዚያ እንጀምር ነው የምለው።

አንድ ነገር ላይ ግን አቋም አለኝ። የሚሸጠው ሰው ዶሮዎቹ ምን እንደሚበሉ ለገዢው ይንገር። በዱቄት ደባልቆ፣ ስም ቀይሮ ማብላት ልክ አይደለም። ምልክት አይቶ ሥጋ ለሚገዛ ከተማ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ድሬም ሐረርም ዶሮ የምታረቡ፣ ይሄን ትል የሞከራችሁ ካላችሁ ድምፃችሁን ላኩልኝ። በተለይ ሽታውን እንዴት እንዳደረጋችሁትና ጎረቤት ምን እንዳለ መስማት እፈልጋለሁ። ቀጣዩን ክፍል በእናንተ ነው የምሠራው።