ያልተጻፈች ወፍ
(በወፍ ተመልካቾች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ፣ ደሴ፣ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከኮምቦልቻ ማልዳችሁ ዳገቱን የወጣችሁም፣ እዚሁ ደሴ ያደራችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርባሉ። እኔ የማነሣው የማስታወሻ ደብተርን ነገር ነው።

ከዓመታት በፊት የጎፍ ደን ውስጥ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ካረጀ ጥድ ላይ ጆሮዎቿን ያቆመች ጉጉት አየሁ። ደስ ብሎኝ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ፤ ግን አልጻፍሁም። ዛሬ የዓይኗን ቀለምም ቀኑንም አላስታውስም። ብርቅዬዋ የደጋ ባለ ረጅም ጆሮ ጉጉት ትሁን ሌላ፣ መለየት አልችልም። እስከ አሁን ይቆጨኛል።

ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ አገራችን ሲዘዋወር ቱራኮ የምትባል አንዲት የደን ወፍ ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ወፏ ከዕቃው መካከል ተገኘች፤ የትና መቼ እንደተያዘች የሚናገር አንድ መስመር ግን አልነበረም። ዳግም እስክትገኝ 50 ዓመት ግድም አለፈ። ነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ሞታ ካገኟት ወፍ ያተረፉት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። የተገኘበት ቦታና ጊዜ ግን ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ተሰየመች። ሙሉ አካል የነበራት ጠፍታ፣ ክንፍ ብቻ የቀረላት አድራሻ አገኘች።

የደን ወፍ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ ትቀርባለች። በሐረና ጥቅጥቅ ደን ያለችው ናሪና ትሮጎን ሆዷ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ሳለ፣ አረንጓዴ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሳትነቃነቅ ቅጠል መስላ ትቀመጣለች። ስለዚህ የሰማችሁትንም ጻፉ። ሦስት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ምንም ካላያችሁም ጻፉ፤ ያ ገጽ ከሌለ፣ ከዓመታት በኋላ ወፏ ጠፍታ ይሁን ሰው ሳይሄድ ቀርቶ ማንም አያውቅም።

በስልክ የወፍ ድምፅ ማጫወቱን ግን፣ በተለይ በመራቢያ ወራት፣ እባካችሁ እንተው። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ ባዕድ ድምፅ ሲሰማ ተቀናቃኝ መጣ ብሎ ጎጆውን ትቶ ይወጣል።

ደብተሮቹ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ይደርሳል። ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ የጎፍ እንነሣለን። ጉባኤው ተከፍቷል።