ሺንግል ወይስ ብረት?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለንም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ሰሞኑን ሐሳቤን ጠቅልሎ የያዘው የቤታችን ጣሪያ ነው። ክዳኑ አርጅቷል፤ መቀየር አለበት። የቀረቡልን አማራጮች ደግሞ ሁለት ናቸው፦ የአስፋልት ሺንግል፣ ማለትም እየተደራረበ የሚመታ የሬንጅ ክዳን ቁራጭ፣ እና ብረት።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዕድሜ ነው። ሺንግል እንደ ጥራቱና እንደ አየሩ ከ15 እስከ 30 ዓመት ይሄዳል። በደንብ የተሠራ የብረት ክዳን 40፣ 50 ዓመት ቢቆይ አይገርምም። እሺ፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው? ቆይ።

ሺንግልን እንየው። ስስ የፋይበር ግላስ ንጣፍ አለ፤ ሬንጅ ይቀባል፤ ከላዩ ደቃቅ ጠጠር ይነሰነስበታል። ጠጠሩ ለቀለም ብቻ የተደረገ ይመስላል። ዋና ሥራው ግን ሬንጁን ከፀሐይ መከለል ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ ያገኘው ሬንጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሸንዳችሁን እዩ። አዲስ ሺንግል ትንሽ ጠጠር ማራገፉ ያለ ነው። ከዓመታት በኋላ አሸንዳው በጠጠር ከሞላ ግን ክዳኑ የሥራ መልቀቂያ እያስገባ ነው።

የምወድለት ነገር ጥገናው ነው። ነፋስ አንዷን ቢገነጥላት እሷን ብቻ መተካት ይቻላል። እርግጥ ከሥሩ ክፍተት ሳይተው የተመታ ጣውላ ይፈልጋል፤ ክብደቱም ከብረት ይበልጣል።

ብረት ላይ ስመጣ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ብሎኑ ነው። ብረት ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። 10 ሜትር የሚረዝም የብረት ቆርቆሮ፣ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለዋወጥ ርዝመቱ በ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀየራል። አሉሚኒየም ከሆነ እጥፍ ነው። 6 ሚሊ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ብሎኑ እኮ እዚያው እንደተቸከለ ነው! ቆርቆሮው በየቀኑ ይጎትተዋል። ቀዳዳው ቀስ እያለ ይሰፋል። ከብሎኑ ራስ ሥር ያለችው ጎማ ደግሞ በፀሐይ ትደርቃለች። አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ ቤቱ ያፈሳል። ቆርቆሮው ምንም አልሆነም፤ ያለቀላት ጎማዋ ናት። ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ከመሃሉ ሳይሆን ከቀዳዳውና ከመጋጠሚያው ነው።

ለዚህ መፍትሔ አለው። ጠርዝ ከጠርዝ ታጥፎ የሚቆለፍ የብረት ክዳን አለ። ብሎኖቹ ከሥር ተደብቀዋል፤ ብረቱን የሚይዙት ማያያዣዎችም እንደ ልቡ እንዲንሸራተት ይፈቅዱለታል። ዋጋው ወደድ ይላል፣ የለመደ እጅም ይፈልጋል።

ስለዚህ ሰው «ብረት ይሻላል» ሲለኝ «የቱ ብረት?» እላለሁ። ብሎኑ የሚታየው ዓይነት ከሆነ፣ እየወጣ የሚፈትሽና ጎማ የሚቀይር ሰው ከሌለ፣ እኔ ጥሩ ሺንግል እመርጣለሁ። እንደማትስማሙ አውቃለሁ። ችግር የለም።

የዝናቡ ጩኸትስ? ከሥሩ ወጥ ጣውላና የሙቀት መከላከያ ካለ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። በባዶ ማገር ላይ ከተመታ ግን ስልክ ማውራትም አይቻል። መብረቅ ይስባል የሚባለው ደግሞ ተረት ነው።

ብዙ ሰው የማያነሳው ጤዛውን ነው። ብረት ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከቤት ውስጥ የወጣ እርጥብ አየር ሲነካው ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ሰውዬው «ጣሪያዬ አፈሰሰ» ብሎ ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያውም ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። የጎደለው የአየር መውጫ ነው።

እኛ ቤት ነገሩን የሚያወሳስበው ቁልቁለቱ ነው። ሺንግል ውሃውን እያንሸራተተ ነው የሚያወርደው። በየ12 ሴንቲ ሜትር አግድም ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካልተገኘ አይሆንም፤ ከ4 በታች ከሆነም ከሥሩ ድርብ ንጣፍ ይፈልጋል። ዋናው ቤት በደንብ ዘቅዘቅ ያለ ነው። ከኋላ የተቀጠለው ክፍል ግን ሜዳ ሊሆን ምንም አልቀረው። እዚያ ሺንግል የማይታሰብ ነው።

እኔም ሐሳብ አቀረብኩ፦ ከፊት ሺንግል፣ ከኋላ የሚቆለፈው ብረት። ባለቤቴ ሰምታኝ ስትጨርስ «ጣሪያ የሚያፈሰው ከመጋጠሚያው ነው እያልክ፣ አሁን አንተው አዲስ መጋጠሚያ ልትሠራልን ነው?» አለችኝ።

እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም። ሁለቱን ክዳኖች አገናኝቶ የሠራ ካላችሁ፣ መጋጠሚያው በስንት ክረምት እንደተፈተነ ጨምራችሁ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ።