ጠረጴዛ ስር ያለው ማክ

የተከበራችሁ የሐዋሳ ኤዲተሮችና የካሜራ ባለሙያዎች፣ ዛሬ የምትመረቁ ልጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ አዲስ ኮምፒውተር አመራረጥ ተናገር ብለውኛል። አስር ደቂቃ ነው የሰጡኝ። እኔ ግን ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ነው የማወራው። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ስቱዲዮዬ የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጠረጴዛዬ ስር አንድ ያረጀ ማክ፣ የአፕል ኮምፒውተር፣ አለ። ኢንተርኔት አይነካውም። አፕዴት አያውቅም። ልጆቹ «ጋሼ፣ ይሄን ለቆራሌው እንስጠው» ይሉኛል። ቆራሌው ራሱ አንዴ አንስቶ አየውና መልሶ አስቀመጠው።

አምና በጥር አንዲት እናት መጡ። በ2002 የልጃቸውን ሰርግ የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለቤታቸው አርፈዋል። ሙሽሮቹን ሲመርቁ የተቀረጸውን ያኔ ለዘፈን ብዬ ቆርጬዋለሁ፤ ቪዲዮው ላይ የቀረው አራት ሰከንድ ነው። «ልጄ፣ ድምፁ የለም?» አሉኝ።

ማኩን አበራሁት። እስኪነሳ ቡና ደረሰ። የአፕሉ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም፣ ፋይናል ከት ሰቨን፣ ተከፈተ። ፕሮጀክቱም ተከፈተ፤ ታይምላይኑ፣ የቁርጥራጮቹ ሰልፍ፣ እንደተውኩት ነው። የተቆረጠውን ጫፍ ይዤ ስስበው ሰውዬው መናገራቸውን ቀጠሉ። «ጋብቻችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን» ይላሉ፤ ከኋላ ጄኔሬተር ይንጫጫል። ሁለት ደቂቃ ከምናምን። እትዬ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ።

አሁን ወደ አፕል ልምጣ። በፈረንጆቹ 2011 ሰኔ ላይ ፋይናል ከት ኤክስን ሲያወጡ፣ አዲሱ የሰቨንን ፕሮጀክት አይከፍትም ነበር። የብዙ ካሜራ ቀረጻ አንድ ላይ የሚያቀናብረው መልቲካም የለውም። በሦስት ካሜራ ሰርግ የሚቀርጽ ሰው ምን ይሁን? አሮጌውንም ከገበያ አነሱት። መልቲካሙን በ2012 ጥር መለሱ፤ እናመሰግናለን። ያኔ ተናዶ ወደ ተፎካካሪው ፕሮግራም፣ ወደ ፕሪሚየር፣ የሄደው ግን እዚያው ቀረ።

ከዚያ በ2013 ያ ሲሊንደር ማክ ፕሮ፣ ለባለሙያ የተባለው ኮምፒውተር፣ መጣ፤ የቆሻሻ ቅርጫት ያልነው። በ2017 የኩባንያው ኃላፊዎች ራሳቸው ጋዜጠኛ ጠርተው የሙቀት ዲዛይኑ መውጫ እንዳሳጣቸው ተናገሩ። ተተኪው በ2019 መጣ፤ መነሻው 6 ሺህ ዶላር ነበር። ኮምፒውተሩ ከስሩ ጎማ ይሁንለት ካልክ 400 ዶላር ትጨምር ነበር። ለጎማ! ባጃጅ እንኳ ከነጎማው ነው የሚሸጠው!

ፕሮ ይሉናል፤ ባለሙያ ማለታቸው ነው። ስልኩ ፕሮ፣ የጆሮ ማዳመጫው ፕሮ። ፕሮው ማነው? በጥር አራት ሰርግ ይዞ፣ ሌሊት ሪንደር፣ ያለቀው ቪዲዮ ሲወጣ፣ ዘጠና ፐርሰንት ላይ መብራት የሚሄድበት ነው ፕሮው! እኛ ፍጥነት ብቻ አይደለም የምንገዛው። ዛሬ የሠራነው ከአስር ዓመት በኋላም እንዲከፈት ነው የምንከፍለው!

የአፕል የ2020ዎቹ ቺፖች ፈጣን ናቸው፤ አልክድም። እኔም የምሠራው በእነሱ ነው። ማመን ግን ሌላ ነው።

ለተመራቂዎች፦ ጥሬውን ቀረጻ አትሰርዙ። በሰርግ ወቅት አፕዴት አታድርጉ። ዳቪንቺ የሚባለው የማቀናበሪያ ፕሮግራም ነፃ አለው፣ ሞክሩት። ስለ አመራረጡ ደግሞ... ራሙ፣ የኮምፒውተሩ የሥራ ማህደረ ትውስታ፣ ብዙ ይሁን፤ በቃ።

ሰዓትህ አልቋል እያሉኝ ነው። የሰቨን ፕሮጀክት አልከፈት ያለው ካለ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ስቱዲዮ ይምጣ። ማኩ እስኪነሳ ቡና አለ።