ለዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፦ ዘንጉ መቼ ይበቃል?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና እንግዶች፣ እንኳን ወደ ደሴ በሰላም መጣችሁ።

የዘንድሮ መነጋገሪያችን ለምርምር የሚውሉ የኢንፍራሬድ፣ ማለትም ከቀይ ቀጥሎ ያለ ዓይን የማያየው ብርሃን ምንጮች ናቸው። ሲንክሮትሮን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን በቀለበት እያዞረ ብርሃን የሚያመነጭ ግዙፍ መሣሪያ፣ በተነሣ ቁጥር «ኃይለኛ ብርሃን» መባሉ ያሳስታል። በጠቅላላ መጠኑ በቤተ ሙከራ ለኢንፍራሬድ ምንጭነት ከሚያገለግለው የጋለ የሲሊከን ካርባይድ ዘንግ ይበልጣል ማለት አይቻልም። የሚበልጠው በድምቀት ነው። ብርሃኑ ከጠባብ ምንጭ ስለሚነሣ፣ 10 ማይክሮሜትር በምታህል ነጥብ ላይ ሲያርፍ ዘንጉን ከ100 እስከ 1000 እጥፍ ያስከነዳዋል። ናሙናችሁ ግማሽ ሚሊሜትር ከሆነ ዘንጉ ይበቃችኋል፤ የሲንክሮትሮን ወረፋ አትጠብቁ።

የደላንታን ኦፓል እንውሰድ። ይህ የወገል ጤና ድንጋይ ውኃ ይመጥጣል፤ ስለዚህ ሙጫም ይጠጣል። ሙጫ የጠጣውን ከተፈጥሯዊው መለየት ለቆፋሪውም ለነጋዴውም የእንጀራ ጉዳይ ነው። (ሙጫ ያለበትን የሸጠ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ ሳያውቅ የገዛም አለ።) የሙጫው የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር፣ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ከ2800 እስከ 3000 ሞገዶች በሚይዘው ኢንፍራሬድ ላይ ይታያል። የጣት ቅባትም እዚያው ስለሚወጣ ድንጋዩን በጓንት ያዙ። ቁራጩ ወፍራም ከሆነ የውኃው መስመር ሰፍቶ ምልክቱን ይውጠዋል፤ አሣሡት። በመሣሪያው ውስጥ የምንነፋው ደረቅ ናይትሮጅን የአየሩን እንፋሎት ሲያስወግድ ከድንጋዩም ውኃ ይስባል፤ እናም ሁሉንም ናሙና ከተነፋ እኩል ደቂቃ በኋላ ለኩ። ሲንክሮትሮን የሚያሻው ሙጫው በየትኛው ቀጭን ስንጥቅ እንደገባ ለማየት ነው።

ነፃ ኤሌክትሮን ሌዘር ሌላ ነው። ጆን ማዴይ እ.ኤ.አ. በ1971 ሐሳቡን አቀረበ፤ በ1977 ስታንፎርድ ላይ በኢንፍራሬድ ሠራ። ኤሌክትሮኖቹ ዋልታቸው እየተፈራረቀ በተደረደሩ ማግኔቶች መካከል እየተጠማዘዙ፣ ብርሃን እየሰጡ ያልፋሉ። የ25 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጨረር፣ በየ5 ሴንቲሜትሩ በሚደጋገም ደካማ የማግኔት መስክ ውስጥ 10 ማይክሮሜትር ገደማ የሚረዝም ሞገድ ይሰጣል፤ ጨረሩ በመካከላቸው የሚያልፍባቸው ሁለቱ የማግኔት ረድፎች ሲቀራረቡ መስኩ ስለሚጠነክር ሞገዱ ይረዝማል። የኤሌክትሮኑ ጉልበት 1 በመቶ ቢዛነፍ ሞገዱ 2 በመቶ ይዛነፋል። ስለዚህ የሞገዱን ርዝመት በየጊዜው መለካት ግድ ነው።

በየቤተ ሙከራችን የሚጎዳን ግን ከዚህ ቀላል ነው፦ በመሣሪያው ላይ ኢንፍራሬዱን የሚያሳልፈው የፖታሲየም ብሮማይድ መስኮት እርጥበት ሲነካው ይደበዝዛል፤ በክረምት የደሴ ጉም ደግሞ አይምሬ ነው። ማድረቂያውን ሳታዘገዩ ቀይሩ።

አፍሪካ ገና የራሷ ሲንክሮትሮን የላትም። ለእኛ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2017 ዮርዳኖስ ውስጥ የተመረቀው ሴሳሚ የተባለው ሲንክሮትሮን ሲሆን፣ የኢንፍራሬድ መስመርም አለው። የዘንጉን ውጤት ይዞ የሚያመለክት ሰው ጥያቄው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አብሽሩ፣ እዚህ የሚጀመር ሥራ ነው። ናሙና ያመጣችሁ ከሻይ በፊት ውፍረቱን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። ጉባኤው መከፈቱን በታላቅ ደስታ እገልጻለሁ።