ኪሎውን ድገሚልኝ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ድምፄ ዝቅ ካለባችሁ ይቅርታ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ማሙሽ እዚሁ አጠገቤ ተኝቷል። 7 ወሩን ይዟል። ዛሬ ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ላወራችሁ ነው። ከዚህ በፊት ሁለቴ ልቀዳው ሞክሬ ነበር። ሁለቴም እንባ ቀደመኝና ተውኩት።

«ወተትሽ አልበቃውም።» ከዚች ልጀምር።

መጀመሪያ የሰማኋት ማሙሽ ሦስት ሳምንት ሲሞላው ነው። አራስ ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤታችን፣ እትዬ፣ በጣም የምወዳቸው ሴት ናቸው፣ ገንፎ እየቀመሱ ልጁ ሲያለቅስ ሰሙት። «ውይ የኔ ልጅ፣ ይሄማ ርቦት ነው። ወተትሽ አልበቃውም» አሉ። በክፋት አይደለም። ግን ቃሉ ገባ፣ ከገባም በኋላ አልወጣ አለ።

ልቅሶው በየቀኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። ፊቱ ደም ይመስላል፣ እግሮቹን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ጡጫውን ይጨብጣል። እስከ 4 ሰዓት፣ አንዳንዴ እስከ 5። ሳጠባው ደግሞ የጠባውን ይመልሰዋል። ትከሻዬ ላይ፣ ጋቢው ላይ፣ አልጋው ላይ። ቤቱ የረጋ ወተት ይሸት ነበር። እኔም እንደዚያው።

እኔ ደግሞ በልቤ የማሰላው ሂሳብ ነበረኝ። ይሄ ሁሉ ከወጣ ሆዱ ውስጥ ምን ቀረ? ባዶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ እንደገና አጠባዋለሁ። ይመልሳል። እንደገና አጠባዋለሁ። የጡቴ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ልብሴ ሲነካው እንኳ ጥርሴን እነክስ ነበር። አንድ ቀን በማለቢያ ፓምፕ ሞከርኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የወጣው 40 ሚሊ ሊትር ነው። ጠርሙሱን ይዤ ኩሽና ውስጥ ቆምኩ። ይኸው ማስረጃው አልኩ። ፓምፕ የሚያወጣውና ልጅ ጠብቶ የሚያወጣው እኩል እንዳልሆነ ማን ይንገረኝ?

ምክሩ ደግሞ ጎርፍ ነበር። አብሽ ጠጪ፣ አጥሚቱን አወፍሪው። ይሄ ለእኔ ነው፣ ጠጣሁ። ለእሱ የሚመከረው ነው ያስፈራኝ። ጤና አዳም በውኃ ነክረሽ ጠብ አድርጊለት። ለጋ ቅቤ አውጪው። አንዷ ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ» አለችኝ። እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። እንጥል ማስቆረጥ ልጅን የሚያደማ፣ ቁስሉ የሚመረቅዝ፣ ለሞትም የሚያደርስ ነገር ነው። ትውኪያን አያቆምም። እስከ 6 ወር ድረስ ለልጅ የጡት ወተት ብቻ በቂ ነው፣ ውኃም አያስፈልገውም። ይሄን አውቅ ነበር። ግን በዚያ ድካም ላይ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኝ ነበር።

አንድ ምሽት እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጁን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኛሁትና በሩን ገርበብ አድርጌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምናልባት አምስት ደቂቃ። ልቅሶው ይሰማኛል። ጥዬው የሸሸሁ ነበር የመሰለኝ። ዛሬ ሳስበው፣ ያቺ አምስት ደቂቃ ለእሱም ለእኔም ደህና ነበረች። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ልጁን አስቀምጪው። ልጅ በንዴት መነቅነቅ የለበትም፣ አንጎሉ ይጎዳል።

ከዚያ 40 ቀኑ ደረሰ፣ ክርስትናው። የእኔ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፦ ቆርቦ ቢያስመልስስ? እናቶች ይገባችኋል። ሌላው ሰው ስለ ድግሱ ያስባል፣ እኔ ስለ ትውኪያ። ከቆረበ በኋላ ቀጥ አድርጌ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ሰው ልቀበልሽ ሲለኝ እምቢ አልኩ። ቤት ገብተንም አላጋደምኩትም። ጡት ስሰጠው ጥቂት፣ መሃል ላይ ማስገሳት፣ ከዚያ እንደገና ጥቂት። ጠብቶ ሲጨርስም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና እንዳለ።

ያን ቀን ጠዋት ጠብታ አልወጣውም። እኔ በረከት ነው አልኩ፣ አሁንም እላለሁ። ግን ደግሞ ሳላውቀው ትክክለኛውን አያያዝ ይዤለት ነበር። ማታ 12 ሰዓት ላይ ልቅሶው እንደተለመደው መጣ። ትውኪያውና ልቅሶው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ እንደሚችሉ የጠረጠርኩት ያኔ ነው።

በ45 ቀኑ ለክትባት ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተር ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ሲወለድ 3 ኪሎ ከ100 ነበር። ሚዛኑ 4 ኪሎ ከ300 አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ተሳስቶ ይሆናል አልኳት። አንስታ እንደገና መዘነችው። ያው ነው።

«በቀን ስንት ዳይፐር ያረጥባል?» አለችኝ። ሰባት፣ ስምንት። «ታዲያ ይሄ ሽንት ከየት የመጣ ይመስልሻል?» አለችና ሳቀች። «እህቴ፣ ወተትሽ አላነሰውም። እንዲያውም ባለቀሰ ቁጥር እየደራረብሽለት ነው።»

ተቀምጣ አስረዳችኝ። የምግብ ቧንቧው ከጨጓራው ጋር የሚገናኝበት ላይ እንደ በር የሚዘጋ ጡንቻ አለ። በሕፃን ላይ ገና አልጠነከረም። ጨጓራው ሲሞላ፣ ከዚያም ሲጋደም፣ ወተቱ ወደ ላይ ይመለሳል። ሪፍላክስ የሚሉት እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ በ4 ወር አካባቢ ብሶ፣ ዓመት እስኪሞላው ይተዋል። ታንቆ እንዳይሞትብኝ ብዬ በጎኑ አስተኛው እንደነበር ስነግራት፣ በጀርባው ብቻ አለችኝ። አጠባቤንም አየች። የጡቱን ጫፍ ብቻ ነበር የሚይዘው። አፉን ሰፋ አድርጎ ጥቁሩን ክፍል ጭምር እንዲይዝ አሳየችኝ። በሳምንቱ ቁስሌ ደረቀ።

የማታው ልቅሶ ደግሞ ኮሊክ ነው፣ እኛ ቁርጠት የምንለው። ሞሪስ ዌሰል የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1954 እ.ኤ.አ. መለኪያ አውጥቶለታል፦ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ። ምክንያቱ ግን እስከ ዛሬ በትክክል አልተለየም። 6 ሳምንት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ በ3 እና በ4 ወር መሃል ያልፋል። 6 ሳምንት ስንት ቀን ነው? 42። የወንድ ልጅ ክርስትና ሰሞን! ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያየው ልቅሶው በባሰበት ሳምንት ነው። «ወተትሽ አልበቃውም» የሚለው ቃል ያን ሰሞን ቢበዛ ምን ይገርማል?

ይሄን ሳልናገር ግን አላልፍም። ትውኪያው አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ካለው፣ በኃይል ተወርውሮ የሚወጣ ከሆነ፣ ኪሎ ካልጨመረ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ወይም ሦስት ወር ሳይሞላው ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው፣ በዚያው ቀን። ወተቷ በእውነት ያነሰባት እናትም አለች፤ የቆርቆሮ ወተት ብትሰጥ እናትነቷ አይጎድልም። እኔ የምለው፣ ከመፍረዳችን በፊት እንመዝን ነው።

ከጤና ጣቢያ ስመለስ እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ከደብረ ብርሃን ልታርሰኝ የመጣች ናት። የክትባት ካርዱን አሳየኋት። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺም እንዲሁ ነበርሽ። ማታ ማታ ታለቅሻለሽ፣ የጠባሽውን ትመልሻለሽ። ወተት የለሽም አሉኝ። በሁለት ወርሽ የላም ወተት ጀመርኩልሽ። ጡቴን እየታለብኩ ደፋሁት።»

ሠላሳ አንድ ዓመት። ለማንም ተናግራው አታውቅም። እኔም ምን እንደምላት አላወቅኩም። ልጁን ሰጠኋት። ታቀፈችው፣ ቀጥ አድርጋ፣ ደረቷ ላይ። ዓይኗ ካርዱ ላይ ነበር። ማንበብ ትችላለች፣ ግን እኔ እንዳነብላት ፈለገች።

«እስቲ ኪሎውን ድገሚልኝ» አለች።

4 ኪሎ ከ300፣ እማዬ።

«እስቲ እንደገና።»