ፓርሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ሜይንፍሬም ለሚባሉት የትልልቅ ድርጅቶች ኮምፒውተሮች የሚጻፉ የሥራ ትእዛዞችን አንብቦ ሥራዎቹን የሚቆጥር ፓርሰር (ጽሑፍን ክፍል በክፍል የሚለይ ፕሮግራም) ስጽፍ ስለሠራሁት ስህተት ነው።

የእነዚህ ትእዛዞች ቋንቋ ጄሲኤል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 አይቢኤም ይፋ ካደረገው ሲስተም 360 ከተባለው ኮምፒውተር ጋር የመጣ ሲሆን፣ ከፓንች ካርድ ዘመን የወረሰው የ80 አምድ መስመር ዛሬም አልተቀየረም። መስመሩ በሁለት እዝባር (//) ይጀምራል፤ ቀጥሎ እስከ 8 ፊደል የሚደርስ ስም፣ ከዚያም የትእዛዙ ቃል ይመጣል። ጆብ (ሥራውን የሚከፍት)፣ ኤግዜክ (ፕሮግራም የሚያስኬድ) እና ዲዲ (ዳታውን የሚገልጽ) የሚባሉት ሦስቱ አብዛኛውን ሥራ ስለሚሸፍኑ፣ ሌላው ሁሉ ዝም ተብሎ እንዲታለፍ አደረግሁ። ስንፍና ነበር።

ጉዱ የወጣው አንድ ፋይል ውስጥ አንድ ሥራ ብቻ እያለ ሪፖርቴ ሁለት ሲቆጥር ነው። የዲዲው መስመር ዳታ የሚል ቃልና ዲኤልኤም የተባለ፣ የዳታውን ማብቂያ ምልክት የሚወስን ፓራሜትር (ተጨማሪ መመሪያ) ይዟል፤ ትርጉሙም እዚያ የተጻፉት ሁለት የአት ምልክቶች (@@) እስኪመጡ ድረስ ያለው ሁሉ፣ በእዝባር ቢጀምርም እንኳ፣ ተራ ዳታ ነው ማለት ነው። ዳታው ደግሞ ለኋላ የሚላክ ሌላ ሙሉ ሥራ ነበር። ፓርሰሬ ፓራሜትሩን ስላላወቀው አለፈው፤ የዘለለው አንዲት ቃል ብትሆንም ከእርሷ በታች ያለውን ሁሉ አሳስቶ አነበበ።

ደንግጬ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄድሁ። የሜይንፍሬሙ ስርዓተ ክወና ዜድኦኤስ ራሱ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው አንድም ደረጃ ሳያስኬድ ሥራውን በሙሉ ይመልሳል፤ እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ነገር ግን እርሱ ሊያስኬድ ነው፣ እኔ ልቆጥር ነው፤ በመጀመሪያው ችግር ላይ የሚቆም ቆጣሪ ከኋላ ያሉትን ችግሮች ይሸፍናል።

አሁን ያልታወቀው መስመር የራሱ መዝገብ አለው፤ ጽሑፉ እንዳለ፣ ከመስመር ቁጥሩና ከተከታይ መስመሮቹ ጋር ይቀመጣል። የማይታወቀው ነገር የዳታን ወሰን ሊነካ የሚችል ሲሆን ግን፣ ከዚያ አንሥቶ እስከ ፋይሉ መጨረሻ ያለው ሁሉ አጠራጣሪ ተብሎ ይመዘገባል፤ ቀጣዩ የጆብ መስመር እንኳ አይታመንም፣ እኔን ያሳሳተኝ እርሱ ነውና።

በነገራችን ላይ፣ ሥራዎችን ተቀብሎ በሚያሰልፈው ጄኢኤስ 3 በተባለው የስርዓቱ ክፍል፣ ሁለት እዝባርና ኮከብ (//*) አስተያየት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚያልፈው ማስታወሻ፣ ቢመስልም ሜይን የሚል ቃል ከተከተለው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ አስተያየቶችንም አልጥልም፤ ሪፖርቱ ረዝሟል፣ ይርዘም።