ጠብታ ናት ያልናት ዘይት፦ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ሆነን ስለ መርከብ ነዳጅ

[አሞራ ገደል፣ ማለዳ። ከጀልባ የሚወርድ ዓሣ፣ ዳር ላይ የቆሙ አባ ኮዳዎች።]

ሰላም ናችሁ? ያለሁት ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል ነው። ገና አንድ ሰዓት አልሆነም። ቆሮሶው ከመረብ እየተፈታ ነው፣ ቢላዋ እየተሳለ ነው፣ አባ ኮዳዎቹም እንደ ልማዳቸው ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ዓሣ ጥብስ አይደለም። ከመርከብ ባህር ላይ ስለሚፈስ ነዳጅ ነው። ባህር ከሌለበት ከተማ ሆኜ ይሄን ለምን እንደመረጥኩ ትንሽ ታገሱኝና ይገባችኋል።

እስቲ እዚህ ጋ ቀረብ በሉ።

[ካሜራው ወደ ውሃው ይጠጋል።]

አሁን አንድ ሞተር ጀልባ ከዚህ ተነስቶ ሄደ። የቆመበትን ውሃ አያችሁት? ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ልክ እንደ ቀስተ ደመና። ልጅ ሆኜ ይሄን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፣ በእንጨት እያማሰልኩ እጫወትበት ነበር። ቤንዚንና የሞተር ዘይት ነው። ባለጀልባውን ቅድም ሳናግረው "ይቺ እኮ ጠብታ ናት ወንድሜ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የፈሰሰችው ጥቂት ናት። የሸፈነችውን ስፋት ግን እዩት፣ የሳሎን ምንጣፍ ያህላል። ነዳጅ ከውሃ ይቀላል፣ ከውሃ ጋርም አይዋሃድም፣ ስለዚህ ላዩ ላይ እየሳሳ እየሳሳ ይዘረጋል፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ እስኪቀጥን ድረስ።

አሁን ይቺን ጠብታ በሺህ ቶኖች አስቧት።

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1989፣ እኩለ ሌሊት ትንሽ እንዳለፈ፣ ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አላስካ ውስጥ፣ ፕሪንስ ዊሊያም ሳውንድ በሚባል በተራራና በደሴት የታጠረ ባህር ላይ፣ ውሃ ውስጥ ካለ ቋጥኝ ጋር ተላተመ። ሆዱ ተቀደደ። ወደ 37 ሺህ ቶን ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። ድፍድፍ ማለት ገና ያልተጣራው፣ ከመሬት እንደወጣ ያለው ጥቁሩ ነው። በሊትር ከ40 ሚሊዮን ይበልጣል። ጅቡቲ መንገድ ላይ የሚመላለሱትን ቦቴዎች ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ 45 ሺህ ሊትር ይጭናል ብንል፣ ወደ 900 ቦቴ ነዳጅ ውሃ ላይ ተደፋ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ይሄ አደጋ በመጠን ሲታይ ከትልልቆቹ ተርታ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1979 አትላንቲክ ኤምፕረስ የተባለች መርከብ ቶቤጎ ደሴት አካባቢ ከሌላ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ 287 ሺህ ቶን ፈሷል። ከመርከብ ከፈሰሱት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ግን ከዳርቻ ርቆ፣ ክፍት ባህር ላይ ስለነበረ ብዙው ተቃጠለ፣ ተበተነ፣ መሬት የደረሰው ትንሽ ነበር። የአላስካው ውሃ ቀዝቃዛና የታጠረ ነው። ነዳጁ መሄጃ አጣ፣ ድንጋይ ለድንጋይ፣ ወሽመጥ ለወሽመጥ ተለጠፈ። መሄጃ ማጣቱን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

[ሳፋ፣ ውሃ፣ አንድ ላባ፣ በጠርሙስ የተቃጠለ ዘይት።]

ይሄ ከዳር ያነሳሁት የዳክዬ ላባ ነው። ሳፋው ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ነው፣ ሐይቁ ውስጥ ምንም አልጨምርም። ላባውን ነከርኩት። አወጣሁት። አያችሁ? ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ወረደ፣ ላባው ደረቅ ነው። የላባው ክሮች በዓይን በማይታዩ መንጠቆዎች ተያይዘው በመሃላቸው አየር ይይዛሉ። ለወፏ ጃኬቷም ጀልባዋም ይሄው ነው።

አሁን ከጋራዥ ለምኜ ያመጣሁትን የተቃጠለ ዘይት አንድ ማንኪያ ልጨምር። ላባውን ደግሜ ነከርኩት... አለቀ። ክሮቹ ተጣብቀው እንደ ሹሩባ ጫፍ ቀጠኑ። አየሩ ወጣ፣ ውሃው ገባ። በህይወት ያለች ወፍ ላይ ሲሆን ቀዝቃዛው ውሃ በቀጥታ ቆዳዋን ያገኘዋል፣ ሰውነቷ ይከብዳል፣ ስትንሳፈፍ የኖረችው መስጠም ትጀምራለች። ወፍ ደግሞ ላባዋ ሲቆሽሽባት የምታውቀው መላ አንድ ነው፣ በምንቃሯ ማጽዳት። ስታጸዳው ትውጠዋለች። አንጀቷ ይቆስላል፣ ጉበትና ኩላሊቷ ይጎዳል። ለመዳን ብላ የምታደርገው ነገር ነው የሚጨርሳት። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

አላስካ ላይ 250 ሺህ ያህል የባህር ወፎች እንደሞቱ ይገመታል። ከስብ ይልቅ ፀጉሩ ብቻ የሚያሞቀው የባህር ኦተር የሚባለው እንስሳ ደግሞ 2,800 ገደማ አልቋል። ኦርካ የሚባል ጥቁርና ነጭ ትልቅ የባህር እንስሳ አለ፤ አንድ የኦርካ ቤተሰብ ከአደጋው በኋላ ብዙ አባላቱን አጣ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ግልገል እንኳ አልተወለደለትም። ሴቶቹ እያረጁ ነው፣ ዘሩ እዚያው ላይ ሊቆም ነው።

በዓይን የማይታየው ጉዳት ደግሞ እንቁላል ላይ ነው። ከነዳጁ ወደ ውሃው የሚሟሙ ኬሚካሎች አሉ፣ በጣም ጥቂት ሆነው እንኳ ገና በመፈጠር ላይ ያለችውን የዓሣ ልብ አሠራር ያዛባሉ። ጫጩቷ ትፈለፈላለች፣ ትዋኛለች፣ ግን ልቧ ደካማ ነው፣ አዳኝ ሲመጣ አታመልጥም። ላዩን ሲያዩት ውሃው ጠርቷል።

"ታዲያ አያጸዱትም?" ትሉኝ ይሆናል። ያጸዳሉ። ግን ውሃ ላይ ከፈሰሰው ውስጥ ተለቅሞ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ አይበልጥም። በተንሳፋፊ አጥር ይከቡታል፣ በመሳሪያ ይመጡታል፣ ማዕበል ከተነሳ ደግሞ አጥሩን ዘሎት ይሄዳል። አንዳንዴም ጽዳቱ ራሱ ሌላ ጥፋት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለ መርከብ እንግሊዝ ዳርቻ ላይ ተሰብሮ ከ100 ሺህ ቶን በላይ ሲፈስ፣ መንግሥት ነዳጁን ለማቃጠል በአውሮፕላን ቦምብ እስከመጣል ደረሰ። ዳርቻው ላይ ደግሞ በሺህ ቶኖች የሚቆጠር የሳሙና ዓይነት ኬሚካል ደፉበት። ድንጋዩ ላይ የሚኖሩትን ቀንድ አውጣዎችና ሌሎች ፍጥረታት ከነዳጁ ይልቅ የፈጃቸው ኬሚካሉ ነው። አላስካም ላይ ድንጋዩን በትኩስ ውሃና በኃይለኛ ግፊት አጠቡት፣ ከነዳጁ የተረፈውን ነፍስ ያለው ነገር ቀቀሉት። በኋላ ሲታይ፣ ነዳጅ ነክቶት ሳይታጠብ የቀረው ድንጋይ ፈጥኖ ነፍስ ዘራ። ከጠጠሩ ስር የገባው ነዳጅ ግን ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ሲቆፈር እየሸተተ ይወጣ ነበር።

ሞሪሸስን ላንሳ፣ ምክንያቱም አፍሪካችን ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 ዋካሺዮ የተባለ መርከብ ኮራል ላይ፣ ማለትም ጥቃቅን የባህር እንስሳት የሠሩት ቋጥኝ ላይ ወጣ። ነዳጅ ጫኝ አልነበረም፣ ባዶውን የሚሄድ የጭነት መርከብ ነው። የፈሰሰው ለገዛ ሞተሩ የያዘው ነዳጅ ነበር፣ 1,000 ቶን ገደማ። ለምን ወደ ዳር ተጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መርማሪዎቹ ያገኙት መልስ የስልክ ኔትዎርክ ፍለጋ የሚል ነው። ኔትዎርክ! ሕዝቡ መንግሥትን አልጠበቀም። ደረቅ የሸንኮራ አገዳ ቅጠል ጨርቅ ውስጥ እየጠቀጠቀ ሰፋ፣ ተንሳፋፊ አጥር ሠራ። ፀጉሩን ተቆርጦ የሰጠም ብዙ ነው፣ ፀጉር ዘይት ይይዛልና።

እኔም ሞከርኩት።

[ከፀጉር ቤት የተለቀመ ፀጉር የተጠቀጠቀበት ቀጭን ካልሲ።]

ሠፈራችን ካለው ፀጉር ቤት የወለሉን ጥራጊ ጠይቄ ወሰድኩ፣ ካልሲ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ሳፋው ላይ ላስተኛው። ጠብቁ... እዩት፣ ጥቁሩ ወደ ካልሲው እየተሳበ ነው። በጣም ጥሩ ይሠራል። ብዙውን ወሰደው። አሁን ግን ውሃውን ወደ ብርሃን ላዙረው። ቀስተ ደመናዋ አለች። አንድ ማንኪያ ነበር የጨመርኩት፣ በአንድ ሳፋ ውስጥ፣ ነፋስ የለ ማዕበል የለ፣ እሷንም አልጨረስኳትም።

ለዚህ ነው ሳይፈስ በፊት የሚሠራው ሥራ ዋጋው ትልቅ የሆነው። ከኤክሰን ቫልዲዝ በኋላ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ሆዳቸው ድርብ እንዲሆን ተገደዱ፣ የውጪው ቢቀደድ የውስጡ እንዲይዝ። በዚያ ላይ የቁጥጥር ሕጎቹ ጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዓመት በአማካይ ወደ 25 የሚጠጋ ትልቅ የነዳጅ መፍሰስ ይደርስ ነበር፣ በ2010ዎቹ ወደ 2 ወርዷል። በቅርባችን ደግሞ ሴፈር አለች። የመን ዳርቻ፣ ቀይ ባህር ላይ፣ 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ይዛ በጦርነቱ ምክንያት ጥገና አጥታ ስትዝግ የከረመች አሮጌ መርከብ ናት። የያዘችው አላስካ ላይ የፈሰሰውን አራት እጥፍ ይሆናል። ብትሰበር ቀይ ባህርም ጠባብ ነው፣ የደቡብ መውጫው ባብ ኤል ማንደብ የሚባለው ጠባብ የባህር መተላለፊያ ነው፣ እኛ ነዳጃችንን የምናስገባባት ጅቡቲ አፍንጫ ስር። የተባበሩት መንግሥታት ሌላ መርከብ ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ነዳጁን በ18 ቀን ውስጥ ወደ እሱ ገለበጠው። አንዲት ጠብታ ዜና ያልሆነችው ሳትፈስ ስለቀረች ነው፣ ያን ሥራ የሠሩትን ሰዎች ባገኛቸው እጅ እነሳ ነበር።

[ካሜራው ወደ ሐይቁ ይዞራል። ከበስተኋላ ታቦር ተራራ።]

ያዙልኝ ያልኳችሁን፣ የመሄጃ ማጣቱን ነገር፣ አሁን ልመልሰው። ሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ ተነስቶ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የታጠረ ነው። ውሃው በፀሐይ ይተናል። ቤንዚንም ቶሎ ይተናል። የሞተር ዘይት ግን አይተንም፣ የተቃጠለው ደግሞ ከሞተሩ የፋቀውን ብረት ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው፣ ጫጩቶቿም የሚያድጉት እዚሁ ዳር ዳሩን ነው። ጀልባው የሚቆመው፣ ባጃጅ የሚታጠበው፣ የከተማው ጎርፍ የሚገባው የት ነው? እዚሁ ዳር ነው።

ጎርፉን የማነሳው ዝም ብዬ አይደለም። የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ወደ ሰሜን አሜሪካ ባህሮች ከመርከብ አደጋ ይልቅ ከመኪናና ከመንገድ በዝናብ ታጥቦ የሚገባው ዘይት ይበልጣል። ዜና የማይሆነው፣ ጠብታ ጠብታው።

ባለጀልባው ቀረጻውን ቆሞ ሲያይ ነበር። ላባውን ተቀበለኝና በጣቱ አሻሸው። ከዚያ "ቤንዚን ስጨምር ብዙ የሚፈሰኝ ያለ ማጥለያ ስቀዳ ነው" አለኝ። የተቆረጠ ሃይላንድ ጠርሙስ አመጣን፣ ከታንኩ አፍ ስር ጨርቅ ጠመጠመ፣ እዚያው ሞላው። ጨርቁ ረጠበ፣ ውሃው ላይ ምንም አልወረደም። ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀበት።

የቀረኝ ሳፋው ነው። የት ልድፋው? ቱቦ ውስጥ ብደፋው መድረሻው ሐይቁ ነው፣ መሬት ላይ ብደፋው ክረምት ሲገባ እዚያው ነው። በጄሪካን ገልብጬ ካልሲውንም ጨምሬ ወደ ጋራዡ መለስኩት። መካኒኩ በርሜሉን ከፈተልኝ፣ ጣውላ ምስጥ እንዳይበላው የሚቀቡ ሰዎች እየመጡ የሚወስዱት ነው። ሳፋውን በላርጎ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። አሁንም በጣቴ ስነካው ያሟልጫል።